በሰማይ የምትሄደው ፍየል

«ወላሂ አይቻለሁ! ፍየሏ በሰማይ ላይ ስትሄድ በዚህ በዓይኔ አይቻለሁ!» አለች ዘሊካ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

ምስክር ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አትቅደጂ በናትሽ! ክንፍ ነበራት?»

«ክንፍ የላትም። በእግሯ ነው የምትሄደው፣ ደመናውን እየረገጠች።»

የንባብ ክበቡ ልጆች በሳቅ አለቁ። መምህርት ብርሀንነሽ ግን አልሳቁም። የአጸደ ሕፃናቱ አስተማሪ እሳቸው ናቸው። ሰኞ ወደ ደሴ ይሄዳሉ፤ አንድ የሥዕል መጽሐፍ በቀለም አስባዝተው፣ እያንዳንዱ ሕፃን ቤቱ የሚወስደው ሊያመጡ ነው። መጽሐፍ የሚባል ነገር ገብቶበት የማያውቅ ቤት ብዙ ነው። የሚያስባዙት ግን አንዱን ብቻ ስለሆነ፣ የትኛው ይሻላል ብለው የስምንተኛ ክፍሎቹን የክበብ ልጆች አማከሩ። «ትንሽ ሳላችሁ የወደዳችሁትን ንገሩኝ» ነበር ያሉት።

ምስክር አጎቱ ከአዲስ አበባ ያመጣለትን፣ መኪናና ባቡር የሞላበትን፣ የሚያብረቀርቀውን መጽሐፍ አሳየ። ዘሊካ ግን የልጅነት መጽሐፏን በእጇ ሳትይዝ፣ ስለ ፍየሏ ሥዕል አፏን ሞልታ ተናገረች።

«በይ ነገ ይዘሽው ነይ» አሏት መምህርቷ። «ሁለታችሁም ለሕፃናቱ ታነባላችሁ፤ ከዚያ እንመርጣለን።»

«ነገ ጃንጥላ ያዙ!» አለ ምስክር። «ከሰማይ የፍየል በጠጥ እንዳይዘንብብን!»

ዘሊካ እየተቃጠለች ወደ ቤቷ ሄደች። ያየችውን ነው እንጂ የፈጠረችው የለም።

ያኔ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እህቷ ፈይዛ፣ ዛሬ አቀስታ ተድራ የልጅ እናት የሆነችው፣ ከቤታቸው ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ሥር ፀሐይ ልትሞቅ ትቀመጥና መጽሐፉን ታወጣለች። የመካነ ሰላም የጠዋት ብርድ አጥንት ሰብሮ ነው የሚገባው። ካቡ ሥር ግን ፀሐይዋ ጀርባ ላይ ታርፋለች፤ ነፋሱ ብቻ ነው የሚያስቸግር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሰበሰባል። የሼህ ልጅ፣ የቄስ ልጅ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ ሌላው ጋቢ ውስጥ ገብቶ ይኮለኮላል። ፈይዛ የአህያው ገጽ ላይ እንደ አህያ ታናፋለች፣ የዶሮዋ ገጽ ላይ እንደ ዶሮ ታሽካካለች። ፍየሏ ጋ ስትደርስ ግን ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ዘሊካም ትንፋሿን ትይዛለች። ሰማያዊ ሰማይ፣ ነጭ ደመና፣ በመሀሉ ቀይ ፍየል። ፈይዛ ካገባች ወዲህ ያንን መጽሐፍ የገለጠው የለም። ካቡ ሥርም ማንም አይቀመጥም።

እናቷ ሳጥኑን ከፍታ፣ ከክት ልብሶቿ ሥር መጽሐፉን አወጣችላት። ሽፋኑ ተገንጥሎ በክር ተሰፍቷል። ዘሊካ እየተጣደፈች ገለጠችው። አህያ። ዶሮ። ከዚያ ፍየል።

ፍየሏ ግን ሐይቅ ዳር ሣር ላይ ቆማ ውሃ ትጠጣለች። ምስሏ ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል፤ የሰማዩ ደመናም እንዲሁ። ሌላ ምንም የለም።

«እማ፣ ይሄ ሌላ ነው! የኔው የታል?»

«ኧረ በአላህ! በዚህ ቤት ሌላ መጽሐፍ መቼ ኖሮን ያውቃል?»

ዘሊካ የእናቷን ስልክ አንስታ አቀስታ ደወለች። ፈይዛ ነገሩን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች።

«አንቺ እኮ ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ ነበርሽ፣ የኔ ዓለም! ግራና ቀኜን የጎረቤት ልጆች፣ እነ ሷሊህና እነ ኪዳን ይሻሙታል፤ አንቺ ትንሿ ስለሆንሽ ገፍተው ገፍተው ማዶ ያስቀምጡሻል። እኔ ደግሞ ነፋሱ እንዳያገላብጥብኝ የገጹን ላይኛ በኩል በመዳፌ እጫነዋለሁ።»

ዘሊካ ስልኩን ዘጋችና መጽሐፉን አዙራ ያዘችው። ሣሩ ላይ ያለችውን ፍየል በመዳፏ ሸፈነቻት። ወዲያው ውሃው ሰማይ ሆነ። ውሃው ውስጥ ያለችው ፍየል ቀና ብላ፣ ደመናውን እየረገጠች ሄደች።

ያን ሁሉ ዓመት ስትወደው የኖረችው ሥዕል፣ ተገፍታ ማዶ ስለተቀመጠች ያየችው ኖሯል።

«አብሽሪ ልጄ» አለች እናቷ። «አይጥ በላው በያቸው። ማን ሊያጣራ ነው?»

ይህች የአይጥ ሰበብ ዘሊካን ጣፈጠቻት። በማግስቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አብራት ሄደች።

ምስክር ቀድሞ አነበበ። ሕፃናቱ ፊት ቆሞ መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ያዘና «ፒፒፒ!» ሲል ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። በጣም ወደዱት። ጨርሶ ወደ ዘሊካ ዞረ። «እሺ፣ የሰማይዋስ?»

«አይጥ…» ብላ ጀመረች ዘሊካ። ሕፃናቱ አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል። እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች።

«ፍየሏ በሰማይ አትሄድም» አለች መጽሐፉን እያወጣች። «ውሃ ነው የምትጠጣው። እኔ ከማዶ ተቀምጬ፣ ገልብጬ ነው ያየኋት።»

ሊሰሙ የመጡት የክበቡ ልጆች ደግመው ሳቁ። ምስክርም ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«አባቴም እኮ እንደዚሁ ነው» አለ ራሱን እያከከ። «ቄስ ትምህርት ቤት አንዱን ዳዊት ለአራት ከበው ነው የተማሩት። እሱ ከማዶ ነበር የሚቀመጠው። እስከ ዛሬ ዳዊት የሚደግመው ገልብጦ ይዞ ነው።»

«ታዲያ ዘሊካ» አሉ መምህርት ብርሀንነሽ፤ «በሰማይ ካልሄደች ምኑን ብዬ ላስባዛት? የምስክርን ልጆቹ እንዴት እንደወደዱት አይተሻል። ያንቺ ይሻላል ካልሽ ምክንያትሽን ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ ላንብብላቸው» አለች ዘሊካ።

ወንበር ሰጧት፤ አልተቀመጠችበትም። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ መጽሐፉን መሬት ላይ ዘረጋችው። ሕፃናቱ እንደ ንብ ሰፈሩባት። ሁለት ፈርጣማ ወንዶች ግራና ቀኟን ያዙ፣ የቀረው በየክፍተቱ ተሸጎጠ። አንዲት ቀጫጫ ልጅ ቦታ አጥታ ተገፍታ ማዶ ቀረች። ወደ ዘሊካ ጎን ጠቆመች።

«እኔም እዚያ ጋ!»

ዘሊካ ስባ እቅፏ ውስጥ ልታስገባት እጇን ዘረጋች። መልሳ ሰበሰበችው። ከዚያ ተነሥታ፣ ልጆቹን ተሻግራ፣ ማዶ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠች።

«እንዴ! ወዴት ነው?» አለ አንደኛው ፈርጣማ ተቆጥቶ።

«እዚሁ ነኝ። እናንተ ከዚያ እዩ፤ እኛ ከዚህ እናያለን።»

ፊደሎቹ ተዘቅዝቀውባት፣ እንደ ጀማሪ እየተንተባተበች አነበበች። ማንም አልሳቀባትም። የፍየሏ ገጽ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ አጎነበሰች። በወዲያ በኩል ያሉት «ግለጪ! ግለጪ!» ይላሉ። መምህርቷ በሩን ተደግፈው ምክንያቷን ይጠብቃሉ።

ዘሊካ ገጹን አልገለጠችም። ልጅቷ ደመናው ላይ የቆመችውን ፍየል አይታ እስክትጠግብ ጠበቀቻት።