የአዛውንቱ ጠርሙስ

የሽንት ፊኛ ሕመም ተመራማሪው ዶክተር ጠዋት በቤተ ሙከራው ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ የመታጠቢያውን ጠርዝ መትቶ ተፈንክቷል፤ ጋዋኑ በሽንት ርሷል፤ አጠገቡ የተሰበረ ጠርሙስ ወድቋል። ክፍሉ ይከረፋል። ፖሊሶቹ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ይዘው በር ላይ ሲቆሙ፣ መርማሪዋ ተንበርክካ ጋዋኑን ታገላብጥ ነበር።

«ጠርሙሱ የማን ነው?»

«የአንድ አዛውንት ታማሚ» አለ የዶክተሩ ምክትል፣ ጓንት ባጠለቀ ጣቱ የተለጠፈውን ስም እየጠቆመ። «አዲሱን ክኒን ከምንሞክርባቸው አንዱ ናቸው። ትናንት ወደ ማምሻው መጥተው አምባረቁበት። ሽንታቸውን ደፍተውበት፣ ገፍትረውት ሄዱ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ምን አናደዳቸው?»

«እኔ እንጃ! ክኒኑ በዚህ ሳምንት ለሕዝብ ሊታደል ነው። የሳቸውም ውጤት ንጹሕ ነው፣ ድነዋል። አልዳንኩም ብለው ድርቅ አሉ። እርጅና ነው መቼስ» ብሎ ፈገግ አለ። ሬሳ አጠገብ ቆሞ ጥርሱን ማሳየቱ መርማሪዋን አንገሸገሻት።

አዛውንቱ በካቴና ታስረው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ደፍተዋል።

«አባባ፣ ባርኔጣውን ያንሡልኝ።»

«ተይኝ ልጄ፣ ያሳፍራል።»

«እኔን አይፈሩኝ።»

ቀስ ብለው አነሡት። ሱሪያቸው ላይ ብርቱካንማ እድፍ አለ።

«ክኒኑ ነው» አለች አጠገባቸው የቆመችው ነርስ። «የዋጠው ሰው ሁሉ ሽንቱ እንዲህ ይሆናል። መዋጡን የምናውቀው በዚሁ ነው።»

«ትናንት ጠርሙሱን የተቀበልሻቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ብርቱካን መስሎ፣ ከሥሩ መግል ዘቅጦበት ነበር። ለምክትሉ አስረከብኩት። ጠርሙሶቹ የሚቀመጡበት ማቀዝቀዣ ቁልፍ ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነው።»

መርማሪዋ ወደ አዛውንቱ ዞረች። «ከዶክተሩ ተጣልታችሁ ነበር?»

«ጮኼበታለሁ፣ አልዋሽሽም። ስሸና ምላጭ ነው የሚወጣኝ፤ እሱ ድነዋል ይለኛል! እጄን ግን አላነሣሁበትም። ኋላማ አዘነልኝና ‹እስኪ ጠርሙስዎን ራሴ ልመርምረው› ብሎኝ ገባ። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

መርማሪዋ ማቀዝቀዣውን አስከፍታ ካየች በኋላ ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ምክትሉ መስኮት ይከፈት ብሎ ቢለምን እምቢ አለችው።

«ይህን ጋዋን ተመልከቱ» አለች። «ርሷል፣ ይገማል፤ ብርቱካንማ ጠብታ ግን የለበትም። የአባባ ሽንት ቢሆን እንደ ሱሪያቸው ባደረገው ነበር። ስለዚህ በእሳቸው ጠርሙስ ውስጥ የነበረው ክኒኑን የማይውጥ ሰው ሽንት ነው።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ጓንትዎን ያውልቁ።»

አመነታ። ፖሊሱ ጎትቶ አወለቀለት። ጣቶቹ እስከ ጥፍሩ ሥር ብርቱካንማ ነበሩ።

«አንተ!» አለች፤ አክብሮቷ እዚያ ላይ አለቀ። «የታማሚዎቹን ሽንት ትደፋለህ። በየጠርሙሳቸው የራስህን ትሸናለህ። ከዚያ ክኒን ፈጭተህ ትበጠብጥበታለህ፣ ቀለሙ እንዲመጣ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ገና ያልበጠበጥክባቸው ተደርድረዋል። ዶክተሩ የአባባን ጠርሙስ አምጣ ሲልህ እንዲሁ ነጣ ብሎ አገኘው፤ ገባው። ገፍትረህ ገደልከው። በአባባ ለማላከክ ያንኑ ጠርሙስ ሰበርክበት፤ ከመደንገጥህ የተነሣ ቀለሙን ረሳኸው።»

ነርሷ አፏን ይዛ ወደ መስኮቱ ሮጠች።

«ክኒኑ አንድ ቀን መሥራቱ አይቀርም ነበር!» ብሎ ጮኸ ምክትሉ። «የኔ ሥራ ነው፣ ስሜ የሚጠራበት! ዶክተሩ ለሁሉም እናገራለሁ አለኝ። ለአንድ ጠርሙስ ሽንት ብሎ!»

እንዲህ ላለ ሰው ምራቅ መትፋትም ይከብዳል።

ካቴናው ከአዛውንቱ እጅ ወጥቶ ወደ ምክትሉ ዞረ። አዛውንቱ አንጓቸውን እያሹ ተነሡና፣ «ይቅርታ ልጄ፣ ልሽና» ብለው ጥጉ ላይ ወዳለው ሽንት ቤት ገቡ። በሩ ስስ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጥርስ ተነክሶበት የሚወጣ፣ የተቆራረጠ ማቃሰት ተሰማ።

ምክትሉ ቶሎ እንዲወስዱት ወደ መውጫው ተንቀሳቀሰ። መርማሪዋ ክንዱን ያዘችው።

«ቁም» አለችው። «ውጤታቸውን ስማ።»