አራተኛው ትከሻ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ያን ሬዲዮም ዝጉት። ይህን ነገር ጮክ ብዬ አላወራውም።

ሰዓቱ ሰውን ከግንድ ለመለየት የሚያስቸግር ሰዓት ነው። መንገዱ በገደል አፋፍ የሚሄድ፣ ሰው የማይበዛበት መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። አለኸኝ ይባላል፤ መምህር ነው። በእጁ ምን ይዟል? ዱላ እንዳትሉኝ። ጂፒኤስ ነው የያዘው፤ የሄድክበትን ሁሉ እየተከተለ መስመር የሚያሰምር፣ መዳፍ የሚያህል መሣሪያ።

ይህን ሥራ ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አይከፍለውም። ቅዳሜና እሁድ የገጠሩን መንገድ በእግሩ ይሄዳል፤ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ካርታው ውስጥ ያስገባዋል። ደግ ሰው ነበር፣ እውነቱን እንናገር። አንድ ቀን ግን ዝናብ መጣበት። መንገዱ ከማዶ ሲቀጥል በዓይኑ አየ እንጂ በእግሩ አልሄደበትም። ቤቱ ገብቶ የቀረውን በእጁ ቀጥ አድርጎ አሰመረው። «ያው መንገድ ነው፤ የት ይሄዳል?» አለ።

የት ሄደ መሰላችሁ? ገደል! ከወር በኋላ አገሩን የማያውቅ የአምቡላንስ ሾፌር፣ ምጥ የያዛትን ሴት ከባሏና ከወንድሟ ጋር ጭኖ ያን መስመር ተከትሎ መጣ። አራቱም አለቁ።

ማን እንዳሰመረው ማንም አልጠየቀም። አለኸኝ ግን ያውቃል፤ እንዴት እንቅልፍ ይውሰደው? መስመሩን አጠፋው። በማግስቱ ሲከፍተው መስመሩ እዚያው አለ። ደግሞ አጠፋው፤ ደግሞ አለ። «ሌላ መኪና ሳይመጣ እውነተኛውን መንገድ በእግሬ ሄጄ ላስገባ» ብሎ ተነሣ።

በዚያ ባልኳችሁ ሰዓት አፋፉ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ኮቴ ሰማ። ቆመ፤ ኮቴውም ቆመ። ሄደ፤ ኮቴውም ሄደ። ዞር ቢል ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ከኋላው ይመጣሉ። «ተመስገን፣ ሰው አገኘሁ» አለ ምስኪኑ።

በእኛ አገር ቃሬዛ ያገኘ ሰው ትከሻውን ሳይሰጥ ያልፋል? አያልፍም! ተሸካሚዎቹ ሦስት ናቸው። አራተኛው ጫፍ የሚይዘው የለም፤ ቃሬዛው ግን አላዘነበለም። አለኸኝ ይህን አየ። አየና፣ ወግ ነውና፣ ትከሻውን አስገባ።

«ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ምጥ ነው» አለ ከፊቱ ያለው፣ ሳይዞር። «መምህር፣ እርስዎ ይምሩን እንጂ። መንገዱን ያወጡልን እርስዎ ነዎት።»

ቃሬዛውን ላውርድ ቢል ከትከሻው አልላቀቅ አለው። «ወገኖቼ፣ በዚህ አይደለም! ገደል ነው! ላስተካክለው ነው የመጣሁት፣ ማሩኝ!» እያለ አለቀሰ። ማን ይስማው? ወደ ቀኝ ረገጠ፤ ወደ ግራ ረገጠ። መሣሪያው ግን ቀጥ አድርጎ ያሰምራል።

ከቃሬዛው ላይ ቀዝቃዛ እጅ ወርዶ አንገቱን ዳሰሰው።

«ወንድሜ፣ ብዙ ቀረን?» አለችው።

በማግስቱ ጂፒኤሱ አፋፉ ላይ ተገኘ። አለኸኝ አልተገኘም። መስመሩም እስከ ዛሬ ካርታው ላይ አለ።

እንግዲህ ቃሬዛ ተሸካሚ ይደክመዋል፤ ተቀያሪ ይፈልጋል። ሲመሽ ብቻችሁን አትሂዱ። መንገዱን አውቀዋለሁ የሚል ሰው ቢኖርም አትሂዱ።

ቆይ… ሁላችንም እዚህ ነን አይደል? ታዲያ ደጅ ላይ «ትከሻ!» ያለው ማነው?