ያነሳሁት ቤተ ክርስቲያን

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የምትሰሙትን ሰምታችሁ "ሰውዬው ድሮም ቃልቻ ቤት የሚመላለስ ነው" እንዳትሉኝ እፈራለሁ። ሥራዬ ፎቶግራፍ ነው፣ የተማርኩት አዲስ አበባ አንድ አርመን ሱቅ ውስጥ ነው፣ ከሥራዬም ያወቅሁት ነገር ቢኖር ካሜራ ፊት የሌለ ነገር እንደማይወጣ፣ ያለውም እንደማይቀር ነው። ሱቃችን የሚመጡ ሰዎች "ነፍስ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው ወይ?" ሲሉኝ፣ "ነፍስዎን ይተዉትና ኮትዎን ይቆልፉ" እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። አሁን የማሾፍ ወኔው የለኝም።

ነገሩ የሆነው በጣልያን ጊዜ ነው። አርመኑ ሱቁን ዘግቶ ሄደ፣ እኔም ሥራ ፈትቼ ስንከራተት አንድ ጣልያን ፎቶግራፍ አንሺ ረዳትና አስተርጓሚ ይፈልጋል አሉኝና ሄድኩ፣ በሱቁ የለቃቀምኳት የተሰባበረች ጣልያንኛም ነበረችኝ። ሲኞር ፒዬሮ ይባላል፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፣ የመጣሁት ለዱር አራዊት፣ ለመልክዓ ምድርና ለጥንት ቤተ ክርስቲያኖች ነው አለኝ። ያኔ ትሑት ጣልያን አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ከመጀመሪያው ቀን ጠረጠርኩት። የምጠረጥርበት የራሴ ምክንያትም ነበረኝ፤ ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ጣልያን ሲገባ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል፣ የመጨረሻ ወሬውም በጉራጌ ተራሮች በኩል ከአርበኞች ጋር ታየ የሚል ነው። እናታችን ሄደህ ፈልገው አላለችኝም፣ ግን ጉዞዬ ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ መሆኑን ስነግራት ስንቁን ለሁለት ሰው አድርጋ ሰራችው፣ ገባኝ።

ወልቂጤ ላይ በቅሎዎች ተከራየን፣ ነጂያቸው ነስሩ የሚባል የመስቃን ሰው ነበር፣ ከቡታጅራ ወልቂጤ እየተመላለሰ ሲነግድ የኖረ፣ መንገዱን ከነድንጋዩ የሚያውቅ። ከኋላችን የጣልያኑ ሁለት ታጣቂዎች ይከተሉናል። ሲኞር ፒዬሮ እውነትም ያነሳል፤ ጉራጌ ከቤቱ ፊት ለፊት የሚተወውን ያንን ሰፊ የሣር መንገድ፣ ጀፎሮውን፣ ያነሳል፣ እንሰቱን ያነሳል፣ ወፍ ያነሳል። ግን አረቅጥን አልፈን ጫካ ዳር ጉሬዛ ስናነሳ፣ ካሜራው የዞረበትን ብመለከት ጉሬዛው ዛፉ ላይ፣ ካሜራው ግን ከዛፉ ሥር በምታልፈው የእግር መንገድ ላይ ነው። በየደረስንበትም "ቤተ ክርስቲያናቸው ስንት ሰው ይይዛል? ውሃ ከየት ይቀዳሉ? ማታ ማታ እሳት የሚታየው በየት በኩል ነው? ብለህ ጠይቅልኝ" ይለኛል። ለወፍ የመጣ ሰው የሌላ አገር ውሃ መቅጃ ምን ያደርግለታል?

እኔም እሱ የጠየቀውን ትቼ ስለ ዝናብና ስለ ከብት እጠይቃለሁ፣ የሚመልሱልኝንም እንደፈቀድኩ አድርጌ እነግረዋለሁ። አንድ ቀን ነስሩ ጭነት ሲያጠብቅ ቀና ሳይል፣ "አንተ ሰውዬ፣ እሱ የጠየቀህና አንተ የምትጠይቀው አንድ አይደለም" አለኝ።

"ጣልያንኛ ታውቃለህ እንዴ?"

"ገበያ የዋለ ሰው የማያውቀው ቋንቋ የለም" ብሎ ወደ በቅሎዋ ዞረ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይህ ባንዳ ነው ብዬ ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም፣ እሱም ከእኔ አልነቀለም፣ እንዲህ እየተያየን ነው እንግዲህ ያን ሁሉ መንገድ የሄድነው።

ከቡታጅራ በላይ፣ ወደ ዘቢዳር ተራራ ጥግ፣ ኮረብታ ላይ በጽድ የተከበበች አንዲት የቆየች ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ወይም ነበረች፣ የትኛውን እንደምል አላውቅም። ስሟን ልተወው፣ የአካባቢው ሰዎች ዛሬም አሉ። ሲኞር ፒዬሮ የዚያን ቀን ማንንም ሳይጠይቅ "ዛሬ እዚያ ነው የምንሄደው" ብሎ በጣቱ ሲያሳየኝ፣ ይህ ሰው ከአዲስ አበባ ሲነሳ ጀምሮ ወደዚህ ነበር የሚመጣው አልኩ በልቤ። ሰዉ እንዳይደነግጥ ብሎ ታጣቂዎቹን ከኮረብታው ሥር አስቀራቸው። ወጣን። ክብ ናት፣ የድንጋይ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን። ደጃፏ ላይ የአጥቢያው ቄስ መምሬ ኅሩይ ብቻቸውን ቆመዋል፣ ክስታኔ ጉራጌ ናቸው፣ አማርኛን ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘኑ ነው የሚናገሩት።

"ምን ሊያደርግ መጣ?" አሉኝ ጣልያኑን በዓይናቸው እያሳዩኝ።

"ቤተ ክርስቲያኑን ሊያነሳ ነው፣ መምሬ።"

"ሊያነሳው?"

"አዎ።"

"ዛሬውኑ?"

"አሁን ፀሐይ ሳለች፣ ደመና ከመጣ አይሆንም።"

ጥቂት አሰቡና "እሱ ያነሳው እሺ፣ የሚሸከመው ማነው?" አሉ። ስለ ካሜራው የሚጠይቁኝ መስሎኝ እኔ ነኝ አልኳቸው።

"አይከብድህም?"

"ለምጄዋለሁ።"

"የትስ ነው የምታኖሩት?"

"ሳጥን ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ፣ ብርሃን ከነካው ይጠፋል።"

እመኑኝ፣ ሰው ስለ ፎቶግራፍ ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የምመልሰውን ነው የመለስኩት። እሳቸው ግን የሚያወሩት ታቦት ስለሚነሳበት፣ ድንኳን ስለሚነሳበት ማንሳት ነበር፣ እኔ ደግሞ በሥራዬ ቃሉን ከመልመዴ የተነሳ ሌላ ትርጉም እንዳለው ትዝም አላለኝ።

"ክርስቲያን ነህ?"

"ነኝ እንጂ።"

"አገር ሲረጋ ትመልሰዋለህ?"

ፎቶው ሲታጠብ አንድ እንድሰጣቸው የፈለጉ መሰለኝ፣ "በእግዚአብሔር ስም እመልስልዎታለሁ" አልኳቸው። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ፣ ከዚያ ወደ በሩ ዞረው በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ሲናገሩም ውስጥ ላለ ሰው የሚናገሩ ይመስላሉ። መልስ አልመጣም፣ ነገር ግን በሩ ከውስጥ ሲቀረቀር በጆሮዬ ሰማሁ።

ሲኞር ፒዬሮ ካሜራውን ተክሎ "አስተካክለው" አለኝና መነጽሩን ይዞ ዙሪያውን ሊቃኝ ወደ ጽዶቹ ሄደ። ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገባሁ። የያኔዎቹ ካሜራዎች የሚያዩትን ሁሉ ገልብጠው ነው የሚያሳዩት፣ ጣሪያው ታች፣ መሬቱ ላይ፣ ይሄ የተለመደ ነው። ያልተለመደው፣ በሩ ክፍት ነበር፣ መድረኩም ላይ ወንድሜ ቆሟል። ተዘቅዝቆም ቢሆን ወንድሜ ነው፣ ቀኝ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ አገጩን በእጁ ይዞ፣ ሰው ሲጠብቅ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የሚቆመው። ዘልዬ ከጨርቁ ወጣሁ፣ በሩ ዝግ ነው፣ ደጃፉ ላይም ማንም የለም። ተመልሼ ገባሁ፣ ክፍት ነው፣ ታደሰም እኔን ያየኛል። ለሦስተኛ ጊዜ ለማየት አልደፈርኩም።

ጣልያኑ ተመልሶ ራሱ ጨርቁ ውስጥ ሲገባ አለቀ፣ አየው አልኩ። ቆይቶ ወጣ፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግን "ጥሩ ነው" ብቻ ብሎ መስታወቱን ከተተ፤ የእሱ ካሜራ በፊልም አይሠራም፣ መድኃኒት በተቀባ መስታወት ነበር የምናነሳው፣ ያም መስታወት እስኪታጠብ ድረስ ብርሃን በማያስገባ ጠፍጣፋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የካሜራውን ዓይን ገልጦ መልሶ ሲከድነው፣ የድንኳን ካስማ ከእርጥብ መሬት ሲነቀል የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፣ ጽዱ ውስጥ ሲንጫጩ የነበሩት ጉሬዛዎችም ዝም አሉ። ወዲያው ጉም ከላይ ወረደና ኮረብታውን ሸፈነው። ስንወርድ ዞሬ አየሁ፣ ከጉም በቀር የታየኝ የለም፣ ያኔ ደግሞ ከጉሙ ሌላ ምን እጠብቃለሁ?

ነስሩ ሳጥኖቹን ሲጭን በቅሎዋ በኋላ እግሯ ተንበረከከች። "ምን ጨመራችሁበት?" አለኝ።

"ምንም።"

"ወላሂ ጨምራችኋል።"

ወደ ቡታጅራ ቁልቁል ስንሄድ ከጭነቱ በኩል ሳል ሰማሁ፣ የታፈነች፣ ድምፅ እንዳይሰማበት የሚጠነቀቅ ሰው የሚስላት ዓይነት። ታጣቂዎቹን ዞሬ አየሁ፣ ርቀዋል። ነስሩን አየሁት፣ እሱም እኔን ያየኛል። "ቢስሚላህ" አለና እስከ ከተማው ድረስ ከዚያች በቅሎ አጠገብ አልደረሰም።

ሲኞር ፒዬሮ ቡታጅራ እንደገባን በቀጥታ ወደ ጣልያን ጦር ሰፈር ነው የሄደው። በማግስቱ ወታደሮች ነፍጥና ጋዝ ይዘው፣ ነስሩን መንገድ መሪ አድርገው ወደ ተራራው ወጡ፣ ጥርጣሬዬ ሁሉ እውነት ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኗን ከነሰዎቿ ሊያቃጥሏት ነው። ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ አልነግራችሁም፣ አጥር ጥግ ቁጭ ብዬ ጭስ እስኪታየኝ ተራራ ተራራውን ሳይ ዋልኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ጭስ ግን አልታየም። ወደ ማምሻው ነስሩ ብቻውን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ወዴት ነው የወሰድካቸው?" አልኩት።

"ወደዚያው።"

"ወደዚያው ማለት ወዴት?"

"ጽዱ አለ፣ የድንጋይ ደወላቸው ተንጠልጥሎ አለ፣ ቄሱ ሣር ላይ ቁጭ ብለዋል። ቤቱ የለም። አልተቃጠለም፣ አልፈረሰም፣ መሠረት እንኳ የለውም፣ ያለው ሣር ነው፣ እሱም የከረመ ሣር። አዛዡ ቤተ ክርስቲያናችሁ የት ገባ ብሎ ሲያስጠይቃቸው፣ የናንተው ሰው አነሳው አሉ።"

አላመንኩትም። ሌላ ሜዳ ወስዶ አታልሏቸዋል፣ ወይ ጎበዝ ሰው ነው፣ ወይ እኔን እያጠመደኝ ነው ብዬ አፍጥጬ አየሁት። እሱ ግን ከጎኔ ያለውን የመስታወት ሳጥን ነበር የሚያየው። "አንተ ነህ እኔን የምትጠይቀኝ?" ብሎኝ ተነስቶ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ሲኞር ፒዬሮ መጣ፣ አዛዡ "የሌለ ቤተ ክርስቲያን ነው ያሳየኸን" ብሎታል፣ "መስታወቱን እጠበው፣ አሁኑኑ" አለኝ። ያረፍንበትን ቤት ጓዳ በብርድ ልብስ ጋርደን ጨለማ አደረግነው፣ እሱ ከውጭ በሩ ላይ ቆመ። መስታወቱ ከታጠበ የቤተ ክርስቲያኗም ቦታ፣ የወንድሜም ፊት ጣልያኖቹ እጅ ይገባል፣ ስለዚህ ልለውጠው ወስኜ ነው የገባሁት። ሳጥኑን በጨለማ ሳነሳው ግን በእጄ ላይ ሞቀኝ፣ ጆሮዬን ሳስጠጋም ብዙ ሰው ተጨናንቆ ሲተነፍስ ይሰማል፣ አንድ ሰው ደግሞ "ዝም በሉ" ይላል። እንዴት አልጮህኩም? ሳጥኑን ጋቢዬ ውስጥ አስገባሁ፣ ገና ካልተነሳባቸው መስታወቶች አንዱን አውጥቼ በበሩ ስንጥቅ ብርሃን አሳየሁትና እሱን አጠብኩት፣ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

"ብርሃን ገብቶበታል" አልኩት።

ጣልያኑ መስታወቱን ሳይሆን እኔን ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፁ፣ "ጨርቁ ውስጥ ስትገባ በሩ ላይ ሰው አይተሃል?" አለኝ።

"አላየሁም።"

"እኔም" አለ። በነጋታው አሰናበተኝ፣ ጋቢዬን ግን አልፈተሸም፣ ለምን እንዳልፈተሸኝ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ጣልያን ወጥቶ አገር ሲረጋ ሳጥኑን ይዤ ወጣሁ። ነስሩ አልዋሸም። ጽዱ አለ፣ ደወሉ አለ፣ መሐሉ ሣር ነው። መምሬ ኅሩይ አርጅተዋል፣ ግን ገና ሲያዩኝ አወቁኝ።

"አመጣኸው?"

"አምጥቻለሁ።"

"በል አስቀምጠው።"

"እንዴት ነው የሚቀመጠው፣ መምሬ?"

"አንተ አይደለህ ያነሳኸው?" አሉኝ ገርሟቸው።

ምን ልበላቸው? በእኛ ሥራ ማንሳት እንጂ ማስቀመጥ የሚባል ነገር የለም። ብከፍተው ብርሃን ያቃጥለዋል፣ ባጥበው መስታወት ላይ ደርቆ የሚቀር ሥዕል ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ውስጡ የሚስልም የሚተነፍስም የለም። ሣሩ ላይ ሳጥኑን አቅፌ እስኪመሽ አለቀስኩ፣ እሳቸውም "እንግዲያው ጠብቀው" ብለው ሸኙኝ። እናቴ "አገኘኸው?" ስትለኝ አላገኘሁትም አልኳት፣ ዓይኔን አየችና ዳግም አልጠየቀችኝም።

ሳጥኑ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ደጋግሜ ራሴን ጠርጥሬያለሁ፣ ምናልባት ያረጀ እንጨት ነው የሚንቋቋው፣ ምናልባት ያ መስታወት ባዶ ነው። ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ገለጥ ማድረግ ነው፣ ይህን የሚያደርግ ወንድም ካለ እስኪ ንገሩኝ። ትናንት ከምሳ በኋላ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ክፍሉን ሞልታው ሳለ፣ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ የታደሰን ድምፅ ሰማሁ፣ ያው የልጅነት ድምፁ ነው፣ አላረጀም።

"ነጋ እንዴ?" አለ።

ተነስቼ መጋረጃውን ዘጋሁና "ገና ነው" አልኩት።