የፍራሽ ጭድ

ጠመንጃ ገና ብርቅ በነበረበት፣ የአገር ወሬም በበቅሎ ፍጥነት በሚሄድበት ዘመን፣ በሁለተኛው የድርቅ ዓመት በሰኔ አጋማሽ፣ ከከተማይቱ በስተምሥራቅ ካሉት ተራሮች ጀርባ ጥቁር ደመና ብቅ አለ፤ ሕዝቡም ሲለምነው የኖረውን ዝናብ ሲያይ ደስ ሊለው ሲገባ ደነገጠ፤ ለዘር የተቀመጠው ገብስ ያለበት ጎተራ ግድግዳው በፀሐይ ብዛት ተሰነጣጥቆ ክንድ ያስገባ ነበርና። ውሃ ከገባበት ዘሩ ይሻግታል፤ ዘሩ ከሻገተ የሚተርፍ ሰው የለም።

የጎተራው አዛዥ የግድግዳ መራጊዎቹን አለቃ አስጠሩ። እጁ ከጭቃ ተለይቶ ስለማያውቅ «እርጥቡ» ይሉት ነበር።

«ምን ያስፈልግሃል?» አሉት።

«ጭድ ነው ጌታዬ። ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ መልሶ ይሰነጠቃል።»

«ጭዱንማ ከብቶቹ በልተውታል።»

«ከብቶቹንም እኛ በልተናቸዋል» አለ እርጥቡ አንገቱን ደፍቶ። «የቀረ ቢኖር ሰው የሚተኛበት ፍራሽ ውስጥ ያለው ነው።»

አዛዡ ደመናውን አዩ። «እንግዲያው ሰው መሬት ላይ ይተኛ።»

እርጥቡ ወታደር አስከትሎ ከቤት ቤት እየዞረ ፍራሽ ቀደደ፤ ሕመምተኛውንም አራሷንም አስነሣ። በመጨረሻ የቀረው የገዛ ቤቱ ነበር። እናቱ ተኝታለች፤ ወታደሩ በሩን ይዞ ቆመ። እህል የደበቀ ይሰቀላል ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ወታደር በር ላይ ሲቆም ሰው ሁሉ ድምፁን ይቀንስ ነበር።

«የኔንም?» አለች።

«እማዬ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ወስጄ ያንቺን ብተው በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«አልከለከልኩህም። ማታ ብቻህን መጥተህ ውሰደው።»

«ደመናው እስከ ማታ ይጠብቀናል?»

ወታደሩ ሳቀ። «እሜቴ፣ ወርቅ ደብቀውበታል እንዴ?»

አሮጊቷ ወታደሩን አየችና ፊቷን አዞረች። «ወርቅ ምን ያደርግልኛል። ወገቤን እንዳያመኝ ብዬ ነው።»

እርጥቡ አቅፎ አነሣት፤ እንደ ሕፃን ቀልላ ነበር፤ ጋቢውን መሬት ላይ አንጥፎ አስተኛት፤ ፍራሹንም ተሸክሞ ወጣ።

በደጉ ዘመን ጭድ ጭቃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፍሬ እንዳይቀርበት ይራገፋል፤ ፍሬ ያለበት ምርጊት ይበቅላልና፤ ጭቃውም ተረግጦ እስኪብላላ ድረስ ሳምንታት ይቆያል። በዚያ ሰኔ ግን ለማብላላት ጊዜ አልነበረም፤ ጭዱን ለማራገፍም ያሰበ የለም፤ ሰው የሣር ሥር ቆፍሮ በሚበላበት ዘመን ጭድ ውስጥ ፍሬ ይቀራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሥራው ሳያልቅ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ታዘዘ፤ የእናቱ ፍራሽ የገባበት የመጨረሻው ጭቃ የሰሜኑን ማዕዘን ሲሸፍን ዝናቡ ወረደ። ዘሩ ተረፈ።

እርጥቡ ቤቱ ሲደርስ ጎረቤቲቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ጠዋት ዐረፉ» አለችው። «የምነግረው አለኝ እያሉ ስምህን ሲጠሩ ነበር። እኔ ልንገርልዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ።»

ቀብሩ ባለፈ በሳምንቱ አዛዡ ጎተራውን ሊጎበኙ መጡ፤ ግድግዳው በሙሉ ደህና ነበር፤ የሰሜኑ ማዕዘን ግን አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ገብስ በቅሎበታል።

«ይህ የማን ፍራሽ ነው?» ሲሉ አዛዡ ተቆጡ።

እርጥቡ ምርጊቱን በጣቱ ፈለፈለው። ያልተወቃ የገብስ ዛላ ወጣ፤ ከእናቱ ቀሚስ ጠርዝ በተመዘዘ ጥቁር ክር እንደታሰረ ነበር። በየማታው የራሷን ድርሻ ወደ እሱ ስትገፋ «እኔ በልቻለሁ፤ የሚሠራው ያንተ እጅ ነው» ትለው የነበረው ታወሰው። በገብስ ላይ ተኝታ የተራበችው ከዚህ የባሰ ቀን ቢመጣበት ብላ ነው።

«የእናቴ ነው።»

«እናትህን አምጣት።»

«አፈር ውስጥ ናት፣ ጌታዬ።»

አዛዡ «ፋቀውና መልሰህ ምረገው» ብለው ሄዱ።

የዘመኑ ጸሐፊ «አዛዡ ጎተራውን በጭቃና በጭድ አስጠገኑ፤ አገርም ዳነ» ብሎ ጻፈ፤ ውሸት አልጻፈም፤ ጭዱ ከማን ጀርባ ሥር እንደተወሰደ ግን የጠየቀው አልነበረም። እርጥቡም እስኪያረጅ ድረስ፣ ጥጋብ ተመልሶ ጭድ በየአውድማው ሲከመር እንኳ፣ ጭድ ጭቃ ላይ ከማፍሰሱ በፊት ተንበርክኮ እፍኝ በእፍኝ በጣቱ ይፈትሽ ነበር፤ አዳዲሶቹ ሠራተኞችም ሽማግሌው ለሥራው እንዴት ጥንቁቅ ነው እያሉ ያመሰግኑት ነበር።