ከኤሊዎች ጓድ የወደቀው ምልምል

ምልምሉ በሩጫ ሜዳው ጠርዝ በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር። አሥር ኪሎ አሸዋ የያዘው ቦርሳ ከጀርባው አልወረደም። አሠልጣኙ ሬሳው አጠገብ ቆመ፤ ልጁን ለአሥር ኪሎ የመደበው እሱ ነው።

አዲሱን የአካል ብቃት ሥልጠና ያረቀቀውም እሱ ነው። የዛሬ ወጣት ወንበር ላይ ተቀምጦ አድጎ ነው የሚመጣው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ ኪሎ ከተጫነበት ይሰበራል እያለ አለቆቹን ስንት ወር ደጅ ጠናቸው። ተፈቀደለትና ደካሞቹን በእርምጃና በቀላል ሸክም አስጀመረ፤ የጦር ሰፈሩ ግን «ኤሊዎች» እያለ ይስቅባቸው ጀመር። አሁን አንዱ ኤሊ ሞተ። እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ጥፋተኛ ካልተገኘ እሱ እስር ቤት እንደሚገባ፣ ምልምሉ ሁሉ ወደ ድሮው ሠላሳ ኪሎ እንደሚመለስ አዛዡ ቁርጡን ነገረው።

አዛዡ ያስጠራት መርማሪ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ተንበርክካ የልጁን ሸሚዝ ብትጨምቀው ላብ ጠብ አለ። ቀጥላ የቦርሳውን ጀርባ ዳሰሰች፤ ወደ ኋላ ታጥፎ የተወሸቀውን የወገብ ቀበቶም አየችው።

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እነማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ፣ ሠራተኛዋ ጋ፣ ሃምሳ አለቃው ጋ» አላት አሠልጣኙ።

የዕቃ ቤት ሠራተኛዋ እያለቀሰች ቀርባ ወደ አሠልጣኙ ጠቆመች። «ከተቀጠርኩ አራት ወሬ ነው። መቶ አለቃ ቀበቶው ወገብ ላይ ካልታሰረ ማንንም እንዳላሳልፍ ነው ያስተማሩኝ።»

ሃምሳ አለቃው ሠላሳ ዓመት ምልምል ሲያሯሯጥ የኖረ ሰው ነው። «የወንድሜ ልጅ ነው!» ብሎ አሠልጣኙ ላይ ጮኸበት። «በእንክብካቤ ገደላችሁት!» አሠልጣኙ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ከምሳ በፊት ሁሉም ዕቃ ቤት ተሰበሰቡ።

«ቁልፍ ያላችሁ ሦስታችሁም ቦርሳ አንሱና እዘሉ» አለች መርማሪዋ።

አዘሉ። አሠልጣኙና ሠራተኛዋ ቀበቶውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። የሃምሳ አለቃው እጅ ግን ቀበቶውን ወደ ኋላ አጥፎ ወሸቀው።

«ልጁ ላብ በላብ ነው፤ ቦርሳው ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ ጀርባው ላይ የተደረገው ከሞተ በኋላ ነው። የሮጠበት ቦርሳ ከመደርደሪያው ሥር ተደብቆ ተገኝቷል፤ እስካሁን አልደረቀም፣ ሚዛን ላይ ሠላሳ ኪሎ ሆነ። ደረቁን ያሳዘለው ሰው፣ ቀበቶ በማይታሰርበት በድሮው ልማድ ቀበቶውን ወሽቆታል። እዚህ ካሉት ሦስት ሰዎች ያ ልማድ ያለው አንድ ነው። ሃምሳ አለቃ፣ እጅዎን ይዩት።»

አየው። ቦርሳውን አውርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድሜ ሰው አድርግልኝ ብሎ ነው የሰጠኝ። ኤሊ ሲሉት አንጀቴ እርር ይል ነበር። ማንም ሳይነሳ ቀስቅሼ አወጣሁት… ውሃ ሲለምነኝ ጨከንኩበት።»

«ቦርሳውን ለምን ቀየሩት?»

«ለወንድሜ ምን ልበለው? ሥልጠናው ገደለው ልለው ነበር።»

አዛዡ ሥልጠናው እንደሚቀጥል ተናገረ። አሠልጣኙ በደስታ እዘልላለሁ ብሎ አስቦ ነበር፤ ደስታ የሚባል ግን አልመጣለትም።

ዘበኛው በሩን ገፋ አደረገ። «የልጁ አባት መጥተዋል። ታመመ ብቻ ነው የተባሉት።»

ሃምሳ አለቃው የአሠልጣኙን ሱሪ ጨመደደ። «መቶ አለቃ፣ በእናትህ፣ አንተ ንገርልኝ።»

አሠልጣኙ ጎንበስ ብሎ ብብቱን ደግፎ አነሳው።

«አልችልም፤ እርስዎ ነዎት የሚነግሯቸው» አለው፤ እጁን ግን ሳይለቅ ይዞት ወጣ።