ከድልድይ ወዲህ

ድልድዩን እንደተሻገሩ ሶቲ ሁለት ጆሮዎቹን ቀጥ አድርጎ አቆመ። ዳግኒ ይህን ምልክት ታውቀዋለች። ዛቡን ሰብሰብ፣ ጉልበቷን ጠበቅ አድርጋ «ተው ሶቲ፣ ተው የኔ ጌታ» አለችው። ማን ሰምቷት! ጉራቻው ፈረስ ልጓሙን ነክሶ፣ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ ሽምጥ ጋለበ።

ከዚያ በኋላ የሚወስነው ፈረሱ እንጂ እሷ አልነበረችም። የወንዙ ዳር ሜዳና የጎረቤት አጥር በጎኗ እየተምዘገዘጉ አለፉ። አንዱ እርካብ ከእግሯ ወለቀ። ሶቲ በተከፈተው የግቢ በር ገብቶ፣ ልብስ የተሰጣበትን ገመድ በደረቱ በጠሰና አንሶላውን እንደ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጋጣው ደጃፍ ሲደርስ ቀጥ አለ። እሱ ቢቆምም ዳግኒ አልቆመችም። በአንገቱ ላይ ተሽቀንጥራ ጭቃው ላይ አረፈች።

አያቷ ቶራ የልብስ መቆንጠጫ በከንፈራቸው እንደያዙ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ፈረሱ ታክኳቸው ነበር ያለፈው። አባቷ ኬቲል ከጋጣው ሮጦ ወጣ።

«ተጎዳሽ?»

«አልተጎዳሁም።»

«አንቺስ እማዬ?»

«እኔ ደህና ነኝ። አንሶላዬን ግን እንጃ» አሉ አያት፣ መቆንጠጫውን ከአፋቸው አውጥተው።

ኬቲል አልሳቀም። አንሶላውን ከፈረሱ ላይ ገፎ፣ ላብ ያጠመቀውን አንገት በእጁ ዳበሰና «ልግዛው ላለኝ ለጀርመኑ ሰውዬ እደውልለታለሁ» አለ።

«አባዬ!»

«ምን አባዬ አለው? በዚህ በጋ ብቻ ስንተኛው ነው? ነገ ሰው ቢረግጥ ምን ልል ነው? ሰውዬው ፈረስ ያውቃል፣ በደንብ ይይዘዋል።»

ዳግኒ ከጭቃው ብድግ አለች። ከአይስላንድ አንዴ የወጣ ፈረስ ተመልሶ አይገባም። በሽታ ይዞ እንዳይመጣ ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ነው። ለውድድር ሄዶ ያሸነፈ ፈረስ እንኳ ዋንጫው ይመጣል እንጂ እሱ እዚያው ይቀራል። ሶቲን ደግሞ የተወለደ ለት፣ ገና እርጥብ ሳለ በሹራቧ ያደረቀችው እሷ ናት። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቱ ልትነካው ስትፈራ እሷ አልፈራችም።

«እስከ በግ መለያው ቀን ስጠኝ» አለች፣ ጭቃውን ከአገጯ እየጠረገች። «ያን ቀን ከበረቱ እስከ ቤት እየተራመደ ካመጣሁት ይቀራል። ካላመጣሁት ደውል፤ አልለምንህም።»

«ያን ቀን? ሸለቆው በሙሉ በጎቹን ለይቶ እየጋለበ በሚመለስበት ቀን? ቀላል ቀን አጥተሽ ነው?»

«በቀላል ቀን ቢራመድ አታምነኝማ።»

ኬቲል እናቱን አያቸው። አያት ደግሞ የተቀደደ አንሶላቸውን አዩ።

«ይሁን። ግን ተቀምጠሽበት ነው፤ እየጎተትሽ የምታመጪው ፍየል አይደለም» አለ ኬቲል በመጨረሻ። «በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።»

በዚያ ምሽት እራት ላይ ዳግኒ «ይሄ ፈረስ ምን ነካው? ወደ ተራራው ስንወጣ በግ ነው፤ ስንመለስ ያብዳል» ብላ ስትበሳጭ፣ አያቷ አንሶላውን እየጠቀሙ ቀና አሉ።

«አላበደም። ከድልድይ ወዲህ ተራምዶ ቤቱ የገባ ሰው እስቲ አንድ ጥሪልኝ።»

ዳግኒ ብታስብ ብታስብ አንድም ሰው አላገኘችም። በዚህ ሸለቆ ከድልድይ ወዲህ ማንም አይራመድም። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ቤት ይታያል፣ ሾርባው ይሸታል፤ እና ሁሉም ፈረሱን ይለቀዋል። አያቷ በልጅነታቸው ጋልበውበታል፣ ሙሽሮች ይጋልቡበታል፣ ቄሱ እንኳ ቀብር ካልሆነ በቀር ይጋልቡበታል። ዳግኒና የአጎቷ ልጅ ባርዱርም ባለፈው ዓመት ማታ ማታ የተሽቀዳደሙት እዚያው ላይ ነው። በሩ ላይ ደግሞ ኬቲል አለ። የጃኬቱ ኪስ የደረቀ የአጃ ዳቦ አያጣም፤ ቀድሞ ለገባው ፈረስ ያጎርሳል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባላል፤ በአይስላንድ ጦጣ የለም እንጂ ነገሩ ያው ነው። ድልድይ ማለት መሮጥ፣ በር ማለት ዳቦ መሆኑን ሶቲን ያስተማሩት እነሱው ናቸው።

«እና ያስተማርነውን ማስረሳት ይቻላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ አያት። «አያትሽን ማጨስ ለማስተው ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል።»

ዳግኒ ሃያ ዓመት አልነበራትም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ሶቲን ጭና እስከ ድልድዩ ወረደች። ፊቷን ወደ ቤት ስታዞር ፈረሱ ጆሮውን አቆመ፤ እርምጃውን አፈጠነ። አልታገለችውም። ዝም ብላ መልሳ ወደ ድልድዩ አዞረችው። ሲረጋ ወደ ቤት፣ ሲፈጥን ወደ ድልድይ። እንዲህ ስትመላለስ ጎረቤቷ መስኮት ከፍተው «የጠፋብሽ ነገር አለ እንዴ ልጄ?» አሏት።

«አዎ፣ የፈረሴ ልብ» አለች ዳግኒ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቅንቀው መስኮቱን ዘጉ።

ዳቦውንም ቦታ ቀየረችለት። በሩን ስታልፍ አትቆምም፤ ቤቱን፣ ጋጣውን፣ ሣሩን ሁሉ በጎን ትታ እስከ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ትዘልቃለች። እዚያ ትወርዳለች፣ የኮርቻውን መቀነት ታላላለች፣ ከኪሷ የአጃ ዳቦ ታወጣለች። ከዚያ በእግሯ እየመራች ትመልሰዋለች። ኬቲል ይህን ሁሉ አላየም። መጀመሪያ ከድርቆሹ ጋር ሲታገል ሰነበተ፤ ቀጥሎ ከሸለቆው ሰዎች ጋር በበጋ የተለቀቁትን በጎች ሊያወርድ ወደ ደጋው ወጣ።

ያየው ባርዱር ነው። ባርዱር ደግሞ አይቶ ዝም የሚል ልጅ አይደለም።

«ሙድ ልይዝብሽ አይደለም፣ ግን ማን ሞቶ ነው የምትሸኙት?» አለ፣ ከሰል መሳይ ፀጉሩን ንፋስ እያመሰው ፈረሱን ከጎኗ አሰልፎ።

«አንተን ነው። አበባ ይዘህ ና።»

«አቦ ዳግኒ፣ አንድ ጊዜ ብቻ! ወደቅሽና ፈራሽ ይሉሻል እኮ ክፍል ውስጥ።»

«ማነው የሚለው?»

«እኔ ነኛ!»

ይህቺ ነገር ቆጠቆጠቻት። ነፋሱ ከኋላ ነው፣ ሜዳው ደርቋል፣ ሶቲም ከሥሯ እንደ ውሃ ፈልቶ ይጠብቃል። ዛቡን ለቀቀችለት። ባርዱርን በሁለት ፈረስ ቁመት ቀድማ በሩ ጋ ስትደርስ በሳቅ እንባዋ ወርዷል፤ ለብዙ ቀን እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። በማግስቱ ግን ሶቲ ድልድዩ ላይ ገና በአንድ እግሩ ሳይረግጥ ነበር የተነሳው። የሳምንታት ልፋት በአንድ ምሽት ውሃ በላው። ዳግኒ ከፈረሱ ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። የተናደደችው በፈረሱ አልነበረም፤ በባርዱርም አልነበረም። ካለቀሰች በኋላ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ኮርቻው ላይ ወጥታ ከዜሮ ጀመረች።

የበግ መለያው ቀን ብርድና ፀሐይ ተቀላቅሎ ወጣ። ክቡ የድንጋይ በረት ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁሉም በጆሮው ላይ ባለው ምልክት የራሱን በግ ፈልጎ፣ በቀንዱ ይዞ፣ በሁለት እግሩ መሀል እየነዳ ወደየቤተሰቡ ክፍል ያስገባል። ዳግኒ ከባርዱር ጋር አንድ እልኸኛ አውራ በግ ስትጎትት ሁለቴ ወደቀች። ከደጋው የተመለሰውን ኬቲልን ጢሙ አድጎ፣ ድምፁ ጎርንኖ ከጓደኞቹ ጋር ሲዘፍን አገኘችው። አቅፎ ግንባሯን ሳማት።

«ቃሌ ቃል ነው» አላት። «ዛሬ ቀድሜሽ እገባለሁ።»

«እኔ የመጨረሻ ነኝ» አለች።

በጎቹ ተለይተው ሲያልቁ ሰዉ ሁሉ በአንዴ ፈረሱ ላይ ወጣ። እስከ ድልድዩ ደህና ነበር። ድልድዩን እንደተሻገሩ ግን አንዱ ጮኸ፣ ሌላው ተቀበለ፣ መሬቱ በኮቴ ተናወጠ። ሶቲ የፊት እግሮቹን አንስቶ በኋላ እግሮቹ ቆመ። ወደ ጎን ዘለለ፣ አረፋ ደፈቀ፣ አሽካካ። ባርዱር እያለፈ «ነይ እንጂ! ዛሬ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸላት። በዚያች ቅጽበት መልቀቅ ከመያዝ ይቀል ነበር።

ዳግኒ ጀርባዋን ለሰው፣ የፈረሱንም ፊት ለድልድዩ ሰጠች። ሶቲ አንገቱን ጠምዝዞ ወደሚሄዱት አየ፤ እሷ ግን የምታየው ወንዙን ነበር። እስትንፋሷን አርዝማ ለቀቀች፤ በልጅነቷ አያቷ የሚያስተኟትበትን ዜማ በአፍንጫዋ አንጎራጎረች። ፈረሱ ወዲያና ወዲህ ተቅበጠበጠ። ወደ ቤት አዞረችው፣ ፈጠነ። መለሰችው። አዞረችው፣ ፈጠነ። መለሰችው። ጣቶቿ በብርድ ደነዘዙ፤ የኮቴው ድምፅ ርቆ ጠፋ፤ ከቤቱ ጭስ ማውጫ ጢሱ ሲወጣ ይታያታል፤ የበግ ሾርባው እየተቀዳ እንደሆነ አወቀች። ምሳ አልበላችም። «ሾርባ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል» አለችው ለሶቲ። «አንተ ከሄድክ ግን አትመለስም። ስለዚህ እስከ ንጋትም ቢሆን እዚሁ ነን።»

ፈረሱ በስተመጨረሻ በረጅሙ ተነፈሰና አንገቱን ዝቅ አደረገ። ወደ ቤት ስታዞረው ጆሮዎቹ ላላ ብለው ወደ ጎን ወደቁ። ተራመደ። የጎረቤታቸውን አጥር ተራምዶ አለፈ፤ ሴትዮዋ በመስኮት እጃቸውን አነሱላት።

ኬቲል እንዳለው በሩ ላይ ቆሟል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከኋላው የቤቱ መብራት በርቷል፤ ባርዱርና ሌሎቹ ሳህን ይዘው በመስኮት ያያሉ። ሶቲ በላላ ዛብ እየተራመደ ሲመጣ ያየው አባት ፊቱ በራ። ዳግኒ አባቷን እንዲህ ዓይኑ ረጥቦ አይታው አታውቅም።

«ኧረ የኔ ልጅ! አደረግሽው እኮ!» አለ። እጁን ጃኬቱ ኪስ ከተተና የደረቀ የአጃ ዳቦ አወጣ። «ና፣ ጎበዝ! ይገባሃል! ውረጂ በቃ፣ ደርሳችኋል። ሾርባሽንም አስቀምጬልሻለሁ።»

ሶቲ ጆሮውን አቆመ። ከሥሯ ጡንቻው ሲወጠር ተሰማት።

መውረድ ትችል ነበር። ቃሉ እስከ ቤት ነው፤ ቤት ደርሳለች፤ አሸንፋለች። አባቷ ዳቦ የያዘው በፍቅር ነው፤ ያውም ሰው ሁሉ እያየ። ግን ይህቺን ዳቦ እዚህ በር ላይ ከበላ ነገ ድልድዩ ላይ ምን እንደሚያስብ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በሩን አልፋ ብትሄድ ደግሞ ፈረሱ እምቢ ብሏት ያለፈች ይመስላል፤ ለሚያዩዋትም፣ ለአባቷም። ዛሬ አሸንፋ ነገ መሸነፍ ትችላለች፤ ወይም ዛሬ ሳታሸንፍ ቀርታ ነገን ልታተርፍ ትችላለች።

«አባዬ» አለች። «ዳቦውን ኪስህ ክተተው።»

«ምን?»

«እዚህ አይበላም። ገና አልደረስንም።»

«ዳግኒ፣ በሩ ይሄው እኮ ነው! የተነጋገርነው—»

«አውቃለሁ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ነን።»

ተረከዟን በቀስታ አስነካችው። ሶቲ ለአፍታ ወደ ዳቦው አንገቱን ሰበቀ፤ ከዚያ ፊቱን መልሶ፣ የተከፈተውን በር፣ መብራቱን፣ የሾርባውን ሽታ በጎን ትቶ በእርጋታ መንገዱን ያዘ። መስኮት ላይ አንድ ሰው ሳቀ፤ ባርዱር ይሆናል። ዳግኒ ዞር ብላ አላየችም። ልቧ ይመታል፤ ዛቡ ግን በጣቶቿ መሀል እንደላላ ነው።

ጥቂት እንደሄዱ ከኋላዋ በሩ ሲዘጋ ሰማች። ቀጥሎ የአባቷ ቡት ጫማ ጠጠሩን እየረገጠ መጣ። ሊደርስባት አልሮጠም፤ እሱም እየተራመደ ነበር።