የእሳቱ ጠባቂ ልጅ በእንግሊዝ ሜዳ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፹፮ ዓ.ም.፣ በግንቦት መባቻ፣ ከሕንድ አገር ከቦምቤይ ወደብ አንዲት መርከብ ጢሷን እየተፋች ልትነሣ ስትሰናዳ፣ በጥንት ዘመን ከፋርስ ፈልሶ እዚያ የሰፈረው፣ በእሳት ፊት የሚጸልየው የፓርሲ ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወደ ባሕሩ ወርዶ ነበር፤ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ የመንግሥት ጸሐፊው ከአለቃው ፈቃድ ለምኖ፣ ወይዛዝርቱም የሐር ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንገታቸው በአበባ ጉንጉን የተዋጠ ልጆቻቸውን ሊሸኙ መጡ። ልጆቹ የሚሄዱት ለጦርነትም ለንግድም አልነበረም፤ ክሪኬት በሚባለው፣ አንዱ ኳስ ወርውሮ ሌላው በእንጨት በሚመክትበት የእንግሊዞች ጨዋታ እንግሊዞቹን በገዛ አገራቸው ሊገጥሙ ነበር፤ ያውም ደመወዝ ሳይቀበሉ፣ ለጨዋታው ፍቅር ብቻ። ወጣቶቹ "በደጃቸው እንገጥማቸዋለን!" እያሉ ይፎክራሉ፤ ሽማግሌዎቹ ግን "የሰው አገር ሜዳ ያዳልጣል" እያሉ ጢማቸውን ያሻሻሉ።

ከተጓዦቹ አንዱ ቴሙልጂ ይባላል፤ ዕድሜው ሃያ አራት፣ ቁመቱ ሎጋ፣ ኳስ ሲወረውር ክንዱ የማይታይ ጎልማሳ ነበር። አባቱ ኤርቫድ ኤዳልጂ በአሮጌው ሰፈር የእሳት ቤት ካህን ናቸው፤ በዚያ ቤት ያለው እሳት ከቅድመ አያታቸው ዘመን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠፋ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። አሁን ግን የሽማግሌውን ዓይን ሞራ እየሸፈነው ነበር። ቴሙልጂ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ ዓለም የተመኘው ነገር ቢኖር በነጭ ልብስ፣ አፉን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ፣ በዚያ እሳት ፊት በአባቱ ቦታ መቆም ነው፤ ኳሱንም ይወዳል፣ ነገር ግን ኳስ የወጣትነት ነገር እንደሆነ ያውቅ ነበር።

አባቱ በሽኝቱ ግርግር መካከል ክንዱን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱት።

"ስማኝ ልጄ። ባሕር የተሻገረ ካህን ንጽሕናው ይፈርሳል፤ ይህን አንተም ታውቀዋለህ። ግድ የለም፤ ስትመለስ ዘጠኝ ሌሊት ሱባኤ ገብተህ ትነጻለህ፤ ሽማግሌዎቹንም እኔ አሳምናቸዋለሁ። እዚያ አገር ግን ምድጃ ላይ ውሃ ይደፋሉ አሉ። በእሳት ላይ እጅህን ካነሣህ፣ የሚያነጻህን ሱባኤ እኔ አላውቀውም።"

"አባቴ፣ እኔ ኳስ ልወረውር እንጂ ምድጃ ላጠፋ አልሄድም።"

"አፍህ ጮሌ ነው፤ የእናትህ አፍ! ዓይኔ እየከዳኝ ነው፤ ዘንድሮ ወይ ለከርሞ ሰንደሉን በዳበሳ ማቅረቤ አይቀርም። አንተ ካልገባህ ቤቱ ለናሳርቫንጂ ይሄዳል።"

ናሳርቫንጂ የአጎቱ ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ጸሎት ላይ ያንቀላፋል። ቴሙልጂ ሳቀና የአባቱን እጅ ስሞ ወደ መርከቡ ወጣ።

በእንግሊዝ አገር የሆነውን ሳላሽሞነሙን ልናገር፤ ተሸነፉ። ባረፉበት ከተማ ሁሉ በክብር ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ አጨበጨቡላቸው፣ ከዚያም ሜዳ ላይ አንጠፍጥፈው አሸነፏቸው። በዚያ አገር በጋ ማለት ዝናቡ ሞቅ ያለ ነው ማለት ነውና ጣቶቻቸው ደንዝዘው ኳስ ያመልጣቸው ነበር፤ የቴሙልጂ የልብ ወዳጅ ባርጆርጂ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ሆዱ ገፋ ያለ ምላሱም የማያርፍ ሰው፣ እጁን በብብቱ አስገብቶ "አሁን ገና ገባኝ! እነዚህ ሰዎች አገራችንን የያዙት ለወርቅ ብለው አይደለም፤ ከዚህ ዝናብ ሸሽተው ነው እንጂ!" ይል ነበር።

ከሽንፈቱ ይልቅ ያስቸገራቸው ግን ሻማ ነው። በእኛ በፓርሲዎች ዘንድ ከሰው አፍ የወጣ ትንፋሽ ወደ እሳት አይቀርብም፤ መብራት ዘይቱን ጨርሶ በራሱ ጊዜ ይተኛል እንጂ እፍ አይባልም። እንግዲህ አሥራ አምስት ፓርሲ አንድ ማረፊያ ቤት ሲያድር አሥራ አምስት ሻማ እስኪነጋ ይነዳል ማለት ነው። ሐምሌ ላይ በደቡብ ባሕር ዳር አንዲት ትንሽ ከተማ ያሳደረቻቸው ባልቴት፣ ሚስስ ታፕስኮት፣ ጠዋት የቀለጠውን ሰም ስትፍቅ ትዕግሥቷ አለቀ።

"እናንተ ልጆች! ሻማ እፍ ማለት እናታችሁ አላስተማረቻችሁም?"

"እናታችንማ አስተምራናለች፣ እመቤቴ" አላት ባርጆርጂ። "እፍ ያልን ቀን ጥርሳችንን እንደምታረግፈው ነው ያስተማረችን።"

ባልቴቲቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ከዚያ ወዲያ የቤት ሠራተኛዋ ማታ ማታ እየዞረች እንድታጠፋ አዘዘች።

በዚያች ከተማ በተጀመረው ግጥሚያ መጀመሪያ ቀን አንድ ኳስ ነጥራ የባርጆርጂን ጎድን አገኘችው። ሐኪም መጥቶ ደረቱን በጨርቅ ጠፈረው፤ የሚያስተኛ መድኃኒት አጠጥቶት፣ አየር እንዲያገኝ መስኮቱ እንዲከፈት አዞ ሄደ። አመሻሹ ላይ ቴሙልጂ ከእሱ ጋር ወደሚጋራው ክፍል ሊጸልይ ገባ። ፓርሲ የሚጸልየው ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ነው፤ ሰማዩ ደመና ስለሆነ ግን ፊቱን የሚያዞርበት ብርሃን አጣ፤ ስለዚህ ሻማ ለኩሶ መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አቆመ፤ የጸሎት መታጠቂያውን ከወገቡ ፈታ፤ እየጸለየም መልሶ ታጠቀ።

"ለጎድኔ ጸልይልኝ" አለ ባርጆርጂ ዓይኑ እየተከደነ። "ለጨዋታው አትድከም፤ እሱን ፈጣሪም ትቶታል።"

"ዝም ብለህ ተኛ፣ አንተ አህያ።"

ተኛ። የእራት ደወል ተደወለ። ሠራተኛዋ በር ላይ ብቅ ብላ ከንፈሯን አሹላ ወደ ሻማው ስታመራ ቴሙልጂ እጁን ዘረጋ። "ተይው እህቴ፤ ትንሽ ነው፤ ራሱ ይጨርሳል" አላት። ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች፤ እሱም ተከትሏት ወረደ።

የተቀቀለው በግና ድንች ገና ሳይጋመስ አንድ ሽታ አፍንጫው ገባ። ሌላው ሰው አላወቀውም፤ በእሳት ቤት ያደገ ሰው ግን እንጨት ሲነድና ጨርቅ ሲነድ ይለያል። ደረጃውን ዘሎ ዘሎ ወጣ። ነፋስ መጋረጃውን ከሻማው ላይ ጥሎት፣ እሳቱ ከመጋረጃው ወደ አልጋው ድባብ፣ ከድባቡም ወደ ብርድ ልብሱ ጫፍ ወርዶ ነበር፤ ባርጆርጂ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ቴሙልጂ በብብቱ ይዞ ጎተተው፤ ሰውየው እንደ ጆንያ እህል ከበደ፤ የሚነደውም ብርድ ልብስ እግሩ ላይ ተተብትቧል። ከአልጋው አጠገብ የመታጠቢያ ውሃ የሞላበት ትልቅ ኩስኩስት ቆሟል።

ሳያስብ አደረገው ብል እዋሻለሁ። አሰበ። የአባቱን ቃል አሰበ፤ እሳት ንጹሕ ነው፣ ውሃም ንጹሕ ነው፣ ሁለቱን ማጋደል ከኃጢአት ሁሉ የከፋ እንደሆነ አሰበ፤ የሚቆምበት ነጭ ልብስ፣ የአያቶቹ እሳት፣ ሁሉም በዓይኑ ፊት አለፈ። ከዚያ ኩስኩስቱን አንሥቶ ደፋ። እሳቱ ችስስ ብሎ ጮኸ፤ የቀረውን ደግሞ መጋረጃው ላይ ጨረሰው፤ ፍሙንም አንድ ሳያስቀር በጫማው ረገጠ።

ሚስስ ታፕስኮት እየሮጠች ገብታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። "ተባረክ ልጄ! ቤቴን አዳንክልኝ!" ጓደኞቹ ከኋላዋ ተግተልትለው መጥተው ነበር፤ ነገር ግን ኩስኩስቱን በእጁ ባዩ ጊዜ አንድ በአንድ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የረጠበው ባርጆርጂ ብቻ በመድኃኒቱ ውስጥ ሆኖ "ደግሞ ቤት ውስጥም ይዘንባል?" አለና መልሶ ተኛ።

ቴሙልጂ ያን ማታ አለቅሳለሁ ብሎ ነበር፤ አላለቀሰም። እጁን ታጠበ፤ ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን አወቀ እንጂ አልተሰማውም። በማግስቱ ሜዳ ወጥቶ ወረወረ፤ አንዱ የእንግሊዝ ሹመኛ ኳሱን መመከት አቅቶት ከጨዋታው ወጣ፣ ቀጥሎ አንድ ቄስ፣ ቀጥሎ ሻምበል፣ እያለ ሰባት ሰው በእሱ ኳስ ተሰናበተ፤ ፓርሲዎቹም በዚያ በጋ እምብዛም ያላዩትን ድል አዩ። በትከሻቸው ተሸክመው ሜዳውን አዞሩት፤ ሕዝቡ ባርኔጣውን ወረወረ። እሱ ግን ከላይ ሆኖ የሰዎቹን ክፍት አፍ ያያል፤ ጩኸቱ ከሌላ መንደር የሚመጣ መሰለው። ምንም አልተሰማውም፤ ምንም እንዳልተሰማው እንኳ ግድ አላለውም።

በመልሱ ጉዞ፣ ቀይ ባሕርን ሲያልፉ፣ ባርጆርጂ መርከቡ ጠርዝ ላይ አጠገቡ ተቀመጠ። እንደ ልማዱ አልቀለደም።

"ሰዎቹን አነጋግሬአለሁ" አለው። "አንድም አፉን የሚከፍት የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ እኔው እናገራለሁ፤ እኔ እንደሆነ ካህን አይደለሁ፣ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ማን ይጠይቀኛል?"

"ውሸት ነዋ።"

"አዎን ውሸት ነው! እና ምን ይሁን? ነፍሴን አድነህ የአያትህን ቤት ልትነጠቅ?"

"በውሸት ገብቼ በእሳቱ ፊት ልቁም? ከውሃው ይብሳል፣ ባርጆርጂ።"

"ታዲያ ለምን ደፋኸው? ለምን አልተውከኝም?" ያ ሁልጊዜ የሚስቀው ፊት በእንባ ታጠበ።

ቴሙልጂ መሐረቡን አውጥቶ ሰጠው። "እያንኮራፋህ ነበር" አለ።

ቦምቤይ ሲደርሱ የዝናቡ ወራት አልፎ ነበር። ኤርቫድ ኤዳልጂ በእሳት ቤቱ ግቢ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ የልጃቸውን እርምጃ በድምፅ ለይተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ዳሰሱ።

"ከስተሃል። ሰባት ሰው ጣልክ አሉ! ሰፈሩ ሁሉ አወራልኝ። በል ስማ፣ ሽማግሌዎቹ እሺ ብለዋል። ነገ ሱባኤህን ትገባለህ፤ ሲያልቅ በእኔ ቦታ ትቆማለህ። ልብስህን እናትህ አሰፍታዋለች።"

ያኔ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሽማግሌው ፊቱን ማየት አይችሉም፤ ጓደኞቹም ምለዋል። ቴሙልጂ መሬት ተቀምጦ የሆነውን ሁሉ፣ ስለ ሻማው፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ኩስኩስቱ፣ በጫማው ስለ ረገጠው ፍም ጭምር፣ ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ።

"ሰውየው?" አሉ አባቱ።

"ተርፏል። በር ላይ ቆሟል።"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ የማያይ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እኔም ብሆን እደፋው ነበር" አሉ። "ይህን ዕወቅ፤ በኋላ አባቴ ጠላኝ እንዳትል። እኔም እደፋው ነበር።" ከዚያ እጃቸውን ከፊቱ ላይ አነሡ። "ግን አትገባም።"

"አውቃለሁ፣ አባቴ።"

ቴሙልጂ ሐዘኑ እስኪመጣ እዚያው ተቀምጦ ጠበቀ። ሳይመጣ መሸ፤ ከውስጥ የናሳርቫንጂ ድምፅ የምሽቱን ጸሎት ሲጀምር ተነሥቶ አባቱን በክንዳቸው ይዞ እስከ በሩ ደፍ ሸኛቸው፤ እሱም ከደፉ በዚህ ወገን ቀረ።

ከዚያ በኋላ የጭነት ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ኖረ፤ አግብቶ ወለደ፤ ኳስ ግን ሁለተኛ አልወረወረም። ስለ ጨዋታው ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በዚያ በጋ አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ አንድ የቦምቤይ ካህን ሰባት ሰው እንደጣለ ያነሣሉ፤ ስሙን አንዱ እንዲህ አንዱ እንዲያ ይጽፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደ ደረሰ አናውቅም ብለውም ያልፋሉ። በእሳት ቤቱ ደግሞ የጠባቂዎቹ ስም በየዓመቱ ሲታወስ ከኤዳልጂ ቀጥሎ የሚጠራው ናሳርቫንጂ ነው፤ የአባትና የልጅ ሐረግ ለምን እዚያ ላይ እንደ ተቆረጠ የጠየቀ የለም። እሳቱ ዛሬም ይነዳል። ባርጆርጂም ሸምግሎ፣ የልጅ ልጆቹን አይቶ፣ አልጋው ላይ ሞተ፤ ታሪክ ይህንን አልመዘገበውም።